የማይናበቡ ሥርዓቶች በኮምቦልቻና በደሴ፦ ሶፍትዌር ከተገዛ በኋላ የሚቀረው ሥራ

ኮምቦልቻ ውስጥ በሦስት ፈረቃ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ የወሩን ደመወዝ ለመክፈል ሲነሣ መረጃውን ከሦስት ቦታ መሰብሰብ ይኖርበታል። ሠራተኛው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት የሚመዘግበው በር ላይ የተሰቀለው የአሻራ ማሽን ነው፤ የቅጥር ውሉንና የደመወዙን መጠን የያዘው የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ያስገዛው ሌላ ሶፍትዌር ነው፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ደግሞ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። ሦስቱም በተለያየ ጊዜ፣ ከተለያየ አቅራቢ የተገዙ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው መረጃ የሚያመላልሰው ብዙውን ጊዜ ፍላሽ የያዘ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ከማሽኑ ያወጣውን ፋይል በኤክሴል አስተካክሎ፣ ስም ከስም እያመሳከረ፣ የቀረውን በእጁ ይጽፋል። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት በወሩ መጨረሻ የአንድ ቤተሰብ ገቢ ላይ ያርፋል።

ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደሴ ባለ ሆስፒታልም ነገሩ ያው ነው። የአንድ ታካሚ መረጃ በካርድ ክፍል፣ በላቦራቶሪ፣ በፋርማሲና በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባ ላይ ተበታትኖ ይቀመጣል። ወርኃዊ ሪፖርቱ ደግሞ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በመነጨውና አገራችን በ2010 ዓ.ም. አካባቢ መጠቀም በጀመረችው ዲኤችአይኤስ2 በተባለው ሥርዓት በኩል ወደ ላይ ይላካል። እያንዳንዱ ሥርዓት ለብቻው ሲታይ ሥራውን ይሠራል። የጎደለው መናበባቸው ነው።

ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ የኔትወርክ ደካማነት ወይም የሶፍትዌሩ ማርጀት ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ዋናውን ችግር አይነኩም። የተለያዩ አምራቾችን ሥርዓቶች የሚያገናኘው ቴክኒካዊ መንገድ ከተጠረገ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያልተሠራው ሥራ ከዚያ በፊት የሚመጣው ነው፤ ስም፣ ቀን፣ መለኪያና መለያ ቁጥር በሁሉም ሥርዓት ዘንድ አንድ ትርጉም እንዲኖራቸው መስማማት፣ የመረጃው ባለቤት ገዢው መሆኑንም በግዢ ውል ላይ ማስፈር።

ስለ ቴክኒኩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የዛሬዎቹ ዳታቤዞች፣ ማለትም ሶፍትዌሮች መረጃቸውን የሚያከማቹባቸው ቋቶች፣ አብዛኞቹ የተመሠረቱት ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው፣ መረጃን በሰንጠረዥ አስቀምጦ በግንኙነት በሚጠይቀው ሐሳብ ላይ ነው። ከዚያ የወጣው ኤስኪውኤል የተባለው መጠየቂያ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ፣ በ1987 የዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ጠባይ ጨምሮበታል። ለምሳሌ ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ ምንም ያልተጻፈበትን ባዶ ጽሑፍ «ዋጋ የለውም» ብሎ ሲመዘግብ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ፖስትግሬስኪውኤል የተባሉት ግን ባዶ ጽሑፍንና የሌለ ዋጋን ለይተው ያስቀምጣሉ። የአያት ስም ያልተሞላበት መዝገብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ትርጉሙ የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያሉ ልዩነቶችን ለማለፍ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ኦዲቢሲ የተባለውን የጋራ መገናኛ አወጣ፤ ከእርሱ ወዲህ ኤክስኤምኤልና ጄሰን የተባሉት የመረጃ መላኪያ ቅርጾች፣ እንዲሁም አንዱ ሶፍትዌር ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበት ኤፒአይ የምንለው መንገድ ተከተሉ። በኮምቦልቻው ምሳሌያችን ብዙዎቹ የአሻራ ማሽን ሶፍትዌሮች መረጃቸውን በአክሰስ ወይም በኤስኪውኤል ሰርቨር ያስቀምጣሉ፤ ፒችትሪ ደግሞ ፐርቫሲቭ የተባለ ዳታቤዝ ይጠቀማል። ሁለቱንም በኦዲቢሲ ማንበብ ይቻላል።

የሚያሳስበው መቻሉ ያመጣው ፈተና ነው። አንድ ሥርዓት የሌላውን ሰንጠረዥ በቀጥታ ሲያነብ ለጊዜው ሥራ ይቀላል፤ አቅራቢው ሶፍትዌሩን አድሶ የአንድ ዓምድ ስም የለወጠ ቀን ግን ማንም ሳይነግረን ሁሉም ይቆማል፤ ከዚህም የከፋው ሳይቆም የተሳሳተ ቁጥር ማስተላለፉ ነው። በሌላው ሰንጠረዥ ላይ በቀጥታ መጻፍማ ሊፈቀድ የማይገባው ነገር ነው፤ ሶፍትዌሩ በራሱ ቅጽ ላይ የሚያደርገውን ቁጥጥር ሁሉ ያልፋልና። በተጨማሪም ሥርዓቶችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማገናኘት ከቁጥጥር ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ስድስት ሥርዓቶች እርስ በርስ ቢገናኙ 15 ግንኙነት ያስፈልጋል፤ አሥር ቢሆኑ 45። ሁሉም አንድ የጋራ የመልእክት ቅርጽ ከተቀበሉ ግን ለአሥር ሥርዓት አሥር ግንኙነት ይበቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንለፍ፤ ከፊደሉ እንጀምር። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ ወጥ የቁጥር አሰጣጥ በሚያስቀምጠው ዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የኮድ አሰጣጥ ስለነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር፤ የዚያ ዘመን ፋይሎች ዛሬም በየመዝገብ ቤቱ አሉ። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ ነገሩ አላበቃም። ዩኒኮድን በማይቀበል ዓምድ ውስጥ የገባ የአማርኛ ስም የጥያቄ ምልክት ተደርድሮበት ይወጣል፤ ዋናው ጽሑፍም ተመልሶ አይገኝም። ከዚህ ይልቅ የሚያታልለው ደግሞ ሌላ ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት (በኮምፒውተር የመረጃ መጠን የሚለካበት አሐድ) ሲይዝ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ብቻ ይይዛል። በኦራክል ላይ 30 ባይት ተብሎ የተከፈተ የስም ዓምድ ለእንግሊዝኛ ሠላሳ ፊደል ሲያስገባ ለአማርኛ አሥር ብቻ ይበቃዋል፤ «አብዱልቃድር ሙሐመድኑር» የሚለው ስም ከነክፍተቱ 40 ባይት ስለሚሆን አይገባም። ሶፍትዌሩን በእንግሊዝኛ ስሞች ሞክሮ «ይሠራል» ብሎ ያስረከበ አቅራቢ ይህን ሊያይ አይችልም።

የስም ነገር ከፊደልም ይሰፋል። በወሎ ሰይድ፣ መሐመድ፣ አሊ፣ ይማም፣ ሁሴን የሚሉት ስሞች እጅግ የተዘወተሩ ናቸው፤ አጻጻፋቸው ደግሞ እንደ ጸሐፊው ነው። አንዱ ሠራተኛ በቅጥር ውሉ ላይ «ሰይድ መሐመድ አሊ»፣ በባንክ ደብተሩ ላይ «ሠይድ ሙሀመድ ዓሊ» ሊሆን ይችላል፤ ወደ ላቲን ፊደል ሲዞርም ሌላ ሦስትና አራት መልክ ያወጣል። ኮምፒውተር እነዚህን የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። ፍለጋ ላይ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚያመሳክር ሕግ ማውጣት ይቻላል፤ ሰውየው ራሱ የጻፈው አጻጻፍ ሳይነካ ይቀመጥና ለማመሳከሪያ ብቻ ሌላ ዓምድ ይከፈታል። ግን ይህም በሌላ በኩል አደጋ አለው፤ በስምና በአባት በአያት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ከተማ መገኘታቸው እዚህ ብርቅ አይደለም። አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ መመዝገብ ፋይል ያባዛል፤ ሁለቱን ሰዎች አንድ ማድረግ ግን ሆስፒታል ውስጥ የአንዱን የደም ዓይነት ወይም የመድኃኒት አለርጂ በሌላው ካርድ ላይ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ በስም ብቻ የሚደረግ ራስ ሰር ማዋሐድ በጤና ተቋም ውስጥ ሊታሰብ አይገባም፤ አጠራጣሪውን ለሰው አቅርቦ ማስወሰን ግዴታ ነው።

ለዚህ የሚሆን መለያ አሁን ወደ አገልግሎት እየገባ ነው። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ሥርዓቶችን ለማናበብ ትልቅ ዕድል ነው። ሆኖም ቁጥሩ በየሶፍትዌሩ ውስጥ እንደ ተራ የካርድ ቁጥር ተገልብጦ መዘራት የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃም በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ወገን ነው። ሆስፒታሉ የራሱን የካርድ ቁጥር እንደያዘ፣ ከፋይዳ ጋር የሚያያዝበትን ሰንጠረዥ ለብቻው ቆልፎ ማስቀመጡ የተሻለ አሠራር ይመስለኛል። ያልተመዘገበ ታካሚም በቁጥር ማጣት ምክንያት ከአገልግሎት መመለስ የለበትም።

ቀኑ ከስሙ አያንስም። ዳታቤዞች የሚያውቁት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን በ30/02 ብሎ የሚያስገባ ጸሐፊ፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ፣ ስሕተት ተብሎ ይመለስበታል፤ ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አይታወቅም። በዚህ የተቸገሩ ባለሙያዎች ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጡታል፤ ያን ጊዜ ቀን መሆኑ ያበቃል። 05/03/2016 የሚል ጽሑፍ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው ቢባል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ይሆናል፤ ሌላው ሥርዓት ግን ማርች 5 ወይም ሜይ 3 ቀን 2016 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ሦስቱም ትክክለኛ ቀን ስለሚመስሉ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ የለም። የልደት ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ተብሎ የተመዘገበ ሠራተኛ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከተነበበ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ የጡረታ ዕድሜ 60 በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ዓይነት አቆጣጠር ብቻ ይቀመጥ፣ የኢትዮጵያ ቀን ማሳያና ማስገቢያ ቅጹ ላይ ይቀየር። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀይረው ስሌት በቀናት ቁጥር ላይ የተመሠረተና ፍጹም ነው። ዲኤችአይኤስ2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ደግፎ መሥራቱ ይህ የሚቻል ነገር ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው።

ወደ ፋብሪካው ልመለስና የሌሊቱን ፈረቃ ብቻ ላሳይ። ከምሽቱ 4 ሰዓት የገባ ሠራተኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይወጣል። የአሻራ ማሽኑ መግቢያውን በአንድ ቀን፣ መውጫውን በማግሥቱ ቀን ይመዘግባል፤ ማሽኑ በኛ ሰዓት ሳይሆን በ24 ሰዓት ስለሚቆጥር ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። መረጃው በቀን እየተከፈለ ወደ ደመወዝ ሶፍትዌሩ ሲሻገር በመጀመሪያው ቀን ገብቶ ያልወጣ፣ በሁለተኛው ቀን ሳይገባ የወጣ ሰው ይፈጠራል፤ አንዳንድ ሶፍትዌር ሁለቱንም ቀሪ ብሎ ይቆጥራል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በእነዚህ ሰዓታት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራው ደግሞ በ2.5 እጥፍ ይከፈላል። በዓሉ ዒድ ከሆነ ቀኑ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ በዋዜማው ነው። ያን ምሽት የበዓሉን ቀን በማሽኑ ሶፍትዌር ላይ ያስገባ ሰው በደመወዝ ሶፍትዌሩ ላይ ካላስገባው፣ ሌሊቱን ማሽን ሲያንቀሳቅስ ያደረ ሠራተኛ የበዓል ክፍያውን ያጣል። «ፈረቃው የተጀመረበት ቀን የሥራ ቀኑ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርና በአንድ ቦታ ብቻ የሚሞላ የበዓላት ሰንጠረዥ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚጽፈው የፋብሪካው አስተዳደር ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተነጋግሮ ነው፤ የሶፍትዌር አቅራቢው ሊጽፈው አይችልም።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ከቀረጥ ነፃ ያስገባው ጨርቅ በምርት መልክ ተመልሶ መውጣቱን ለጉምሩክ ማሳየት ይጠበቅበታል። ጨርቁ በደረቅ ወደቡ ሲደርስ በኪሎ ይመዘገባል፣ በስቶር ሶፍትዌሩ በጥቅል ይገባል፣ በመቁረጫው ክፍል በሜትር ወይም በያርድ ይቆጠራል፣ ሲወጣ በቁራጭ ይታሸጋል። እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ቁና እየሰፈረ ሒሳቡ ሊገጥም አይችልም። አንድ ሜትር የዚህ ዓይነት ጨርቅ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ከብጣሽ የሚባክነው ስንት እጅ እንደሆነ በአንድ ሰንጠረዥ ተጽፎ ሁሉም ሥርዓት ከዚያ ካላነበበ፣ በኤፒአይ ቢገናኙም የሚለዋወጡት አለመግባባትን ነው።

ስምምነት ምን ያህል እንደሚሠራ ከባንኮቻችን መማር ይቻላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከቴሜኖስ ኩባንያ የተገዛ ዋና የባንክ ሥርዓት ይጠቀማል፤ ፍሌክስኪዩብ የተባለውን የኦራክል የባንክ ሥርዓት የሚጠቀሙ ባንኮችም አሉ። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ላይ በአብዛኛው የማይሠራበት ጊዜ ነበር፤ ዘመኑም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው፣ የባንኮችን ክፍያ እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች ሲመጣ ባንኮቹ ሶፍትዌራቸውን አልጣሉም፤ በመካከላቸው የሚያልፈው መልእክት ምን ምን እንደሚይዝ ተስማሙ። በካርድ ክፍያ ዓለም ይህ ስምምነት አይኤስኦ 8583 በሚል ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ከሌላ ባንክ ማሽን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሁለቱን ዳታቤዝ ዓይነት ማወቅ አያስፈልገውም። በጤናው ዘርፍም እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ኤችኤል7 የተባለው ድርጅት ያወጣው ፋየር የሚባል ደረጃ አለ፤ ታካሚ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ትእዛዝ እያንዳንዳቸው በምን ቅርጽ እንደሚላኩ ይወስናል። ከዜሮ መፍጠር አይጠበቅብንም።

የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥ በአሠራሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። ሁለት ዳታቤዞችን እኩል ካልጻፋችሁ አትጻፉ ብሎ የሚያስር ዘዴ አለ፤ መስመሩ በየጊዜው በሚቋረጥበት ቦታ ግን አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ታስሮ ስለሚቆም አልመክረውም። የሚሻለው መልእክቱን በላኪው ዘንድ በወረፋ አስቀምጦ መስመሩ ሲመለስ መላክ ነው። ይህን የሚያደርግ ሁሉ አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ ተቀባዩ መልእክቱን ተቀብሎ ማረጋገጫው በመንገድ ላይ ከጠፋ ላኪው ደግሞ ይልከዋል። የውኃ ሒሳብ በባንክ በኩል የከፈለ ደንበኛ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብለት ወይም እንዳይቆረጥበት፣ እያንዳንዱ መልእክት የማይደገም ቁጥር ይዞ ተቀባዩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ ይኖርበታል።

«ይህ ሁሉ ለምን፣ የድርጅቱን ሥራ ሁሉ በአንድ የሚይዝ ኢአርፒ የተባለ ትልቅ ሶፍትዌር ገዝቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» የሚሉ ሥራ አስኪያጆች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገና ለሚጀምር ድርጅትም ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ባንኩ፣ ገቢዎች፣ ጉምሩክ፣ የአሻራ ማሽኑና የላቦራቶሪ መሣሪያው ከኢአርፒው ውጭ ይቀራሉ፤ ስለዚህ መናበብ ያለባቸው ሥርዓቶች ይቀንሳሉ እንጂ አያልቁም። ዋጋውም አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደናረ የገዛ ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ የሰይድን ሦስት አጻጻፍና በጽሑፍ የተቀመጠውን ቀን ሳያጠሩ ወደ አዲሱ ሥርዓት መገልበጥ የቆየውን ስሕተት በውድ ዋጋ ማዛወር ነው።

ስለ ውሉ ግን ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ፤ በሁለቱ ከተሞች ካየኋቸው ችግሮች የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። አንድ ተቋም የከፈለበት ሶፍትዌር የዳታቤዝ የይለፍ ቃሉ በአቅራቢው እጅ ብቻ ሆኖ፣ አቅራቢው ስልክ ባላነሣ ጊዜ የራሱን መረጃ ማውጣት ሲያቅተው ማየት ያማል። የግዢ ሰነዱ ላይ ቢያንስ የእያንዳንዱ ሰንጠረዥና ዓምድ ትርጉም በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ መረጃው በሙሉ በማንኛውም ጊዜ በክፍት የፋይል ዓይነት እንዲወጣ፣ የማንበብ ብቻ ፈቃድ ያለው መግቢያ ለገዢው እንዲሰጥ፣ ርክክቡም በአማርኛ ስሞችና በጳጉሜን ቀኖች ተፈትኖ እንዲፈጸም መጻፍ አለበት። እነዚህ ከውል በፊት ሲጠየቁ ዋጋቸው አነስተኛ ነው፤ ከውል በኋላ እንደ አዲስ ሥራ ይታሰባሉ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ሁለቱ ከተሞች ያለፉበት ዝርፊያና ውድመት ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨምራል። ኮምፒውተሩ ሲወሰድ ሥራ መቀጠል የሚቻለው ሌላ ቦታ የተቀመጠና ያለ አቅራቢው እርዳታ የሚከፈት ቅጂ ካለ ብቻ ነው።

ስም፣ ቀን፣ መለኪያና መለያ ቁጥር በየሥርዓቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚጻፍበትን የትርጉም መዝገብ ማዘጋጀት ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ተቋም የትኛው መረጃ በየትኛው ሥርዓት እንደሚወለድና ማን ብቻ ሊያርመው እንደሚችል ይወስናል፦ የሠራተኛው ስም በሰው ኃይል አስተዳደር፣ የባንክ ቁጥሩ በሒሳብ ክፍል፣ የመግቢያ ሰዓቱ በማሽኑ። ሌሎቹ ይቀበላሉ እንጂ አይለውጡም፤ ስሕተት ያየ ክፍል የራሱን ቅጂ በማረም ፈንታ ወደ ባለቤቱ ይመልሳል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ከተማ ውስጥ እያለ፣ ተመራቂ ተማሪዎች ከፋብሪካውና ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው ይህን መዝገብ ቢያጠናቅሩ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የመንግሥት ተቋማት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የግዢ ፍላጎት ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ስለሚሰበሰብ፣ ከላይ የተጠቀሱት የውል ነጥቦች በሚቀጥለው ሰነድ ላይ እንዲገቡ የአይሲቲ ክፍሉ ለግዢ ክፍሉ ማቅረብ ያለበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው።